ሐዲዱ አጠገብ ያለውን ቤት ልከራየው ወይስ ልተወው ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ነው ያየሁት። እዚህ ሜልበርን፣ ብራንስዊክ ሆፕ ስትሪት አጠገብ ቤት አግኝተሻል፣ ኪራዩም ተስማምቶሻል፣ ግን የባቡር ማቋረጫው ሊነሳ ነው ሲሉሽ ጊዜ ልግባ አልግባ እያልሽ ነው። እኔ ይሄን ነገር ኖሬበታለሁ። በፈረንጆቹ 2016 እኛ ሰፈር ሴንት አልባንስ፣ ሜን ሮድ ላይ ሲሠራ የኛ ቤት ከሐዲዱ ሦስተኛው ነበር። ስለዚህ ከወሬ ሳይሆን ካየሁት ልንገርሽ።

ለማታውቁት፣ የቪክቶሪያ መንግሥት ይሄን ሥራ የጀመረው በ2015 ነው። ሜልበርን ውስጥ ባቡርና መኪና መሬት ላይ የሚቋረጡበትን ቦታ እየለቀመ ያነሳል። ወይ ሐዲዱን ቆፍሮ ከመንገዱ ሥር ያወርደዋል፣ ወይ በድልድይ ከፍ ያደርገዋል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ መንገዱን ራሱን በሐዲዱ ላይ ያሳልፈዋል። መጀመሪያ 50 ነበር የተባለው፤ አሁን ዕቅዱ እስከ 2030 ድረስ 110 ማንሳት ነው። ብራንስዊክ ያሉት ስምንቱ፣ ከአልቢየን ስትሪት እስከ ፓርክ ስትሪት፣ በአንድ ላይ ነው የሚነሱት፤ ባቡሩም ከላይ ነው የሚያልፈው። አዲስ አበባ ቀላል ባቡሩ በሜክሲኮና በስታዲየም በኩል ከፍ ብሎ እንደሚሄደው ማለት ነው።

አሁን ወደኛ ሰፈር ልመለስ። ያኔ የማታ ታክሲ ነበር የምነዳው። ሜን ሮድ ላይ ደወሉ ይጮሃል፣ ቡም ጌቱ፣ መንገዱን የሚዘጋው አግዳሚ፣ ይወርዳል፣ ባቡሩ ያልፋል። ተነሳ ስትዪ ከወዲያ በኩል ሌላ ይመጣል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ እግረኛው አንዱ ሲያልፍለት ያለቀ መስሎት ይገባል፣ ሁለተኛውን አያየውም። እዚያ ቦታ ሰው ሞቷል። የሰፈሩ ሰውም ይነሳልን እያለ ለዓመታት ጮኋል።

አንድ ቀን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ጎረቤታችንን ምጥ ያዛትና ወደ ሰንሻይን ሆስፒታል ይዣት ስበር ፈርሎንግ ሮድ ላይ ጌቱ ወረደብኝ። የሆስፒታሉ መብራት ማዶ ይታየኛል። እሷ ከኋላ ወንበሬን ጨምድዳ ይዛ ትጮኻለች፣ እኔ ቀዩን መብራት እያየሁ ማርያም ማርያም እላለሁ፣ ወደፊት መሄድ የለ ወደኋላ መመለስ የለ፣ ከኋላዬ መኪና ተሰልፏል። ደግነቱ ደረስን። ልጁ ዛሬ አሥር ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ያቺን ደቂቃ እስካሁን አልረሳኋትም፤ ለዚህ ነው ይሄ ሥራ ይቅር ከሚሉ ሰዎች ጋር የማልስማማው።

ሥራው ራሱ ግን ከባድ ነው፣ አልዋሽሽም። ቀን ይቆፍራሉ፣ መስመሩ ሲዘጋ ደግሞ ሌት ተቀን አያቆሙም። መደርደሪያ ላይ ያለው ስኒ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ይሰማሻል። የታጠበ ልብስ ውጭ ማስጣት ትተን ነበር። እኔ ቀን የምተኛ ሰው ስለሆንኩ በጣም ተጎዳሁ፤ እንቅልፍ ሳይጠግቡ መኪና መንዳት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጫጫታው የሚብስበትን ቀን አስቀድመው በደብዳቤ ይነግሩናል፣ ለአንዳንዱ ሌሊት ሆቴልም ሰጥተውናል። የመጀመሪያዎቹን ደብዳቤዎች ግን ማስታወቂያ መስለውን ሳናነብ ጥለናቸዋል። አንቺ አትጣይ። ያከራየን ኤጀንትም ሥራው እንደሚመጣ እያወቀ አልነገረንም፣ ያንቺ ነግሮሽ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ኪራይ እንዲቀንስልሽም ጠይቂው፣ ምክንያት አለሽ።

ሌላው ትራንስፖርት ነው። ባቡሩ ሲቆም ምትክ አውቶቡስ ያቀርባሉ፣ ግን ባለቤቴ ሥራ ለመድረስ ከቤት በጣም ቀድማ መውጣት ነበረባት። ኮበርግ በ2020 ሲሠራም መስመሩ ለወራት ተዘግቶ ነበር፣ ያንቺም መስመር እሱው አፕፊልድ ነው። አንቺ ግን ሲድኒ ሮድ ላይ 19 ቁጥር ትራም አለልሽ፣ ቀጥታ ሲቲ ያስገባሻል። እኛ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረንም።

ከፍ ብሎ የሚሄደው ባቡር ጓሯችንን ያሳያል፣ ይጮሃል የሚል ሰው ብዙ ነው። ከኮልፊልድ እስከ ዳንደኖንግ ዘጠኙ ሲነሱ የሐዲዱ ጎረቤቶች በጣም ተቃውመው ነበር። አልፈርድባቸውም፣ አጥርሽ ላይ ባቡር ሲያልፍ ሌላ ነገር ነው። እንደኛ መሬት ውስጥ የገባው ይሻላል፣ ድምፁ ይቀንሳል። ግን ከፍ ያለው ከሥሩ ቦታ ይተርፈዋል። ኮበርግ ያለው ጓደኛዬ ማታ ማታ ልጆቹን ይዞ የሚወጣው እዚያው ሐዲዱ ሥር ነው።

እና የኔ ሐሳብ፣ ቀን የምትሠሪ ከሆነ ግቢ። የሌሊት ሺፍት ከሆንሽ ግን እህቴ፣ ሥራው እስኪያልቅ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ገንዘቡ ቢተርፍሽም ጤናሽ አይችለውም።

ያኔ በ2016 ኖቬምበር ላይ የሰፈራችን አዲሱ ጣቢያ ተከፍቶ ባቡሩ ከሥር መሄድ የጀመረ ሰሞን፣ ልጄ ጠዋት ቁርሱን እየበላ ድንገት ቀና አለና «አባ፣ ደወሉ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ። ከተወለደ ጀምሮ ያ ደወል ሳይጮህ ቁርስ በልቶ አያውቅም ነበር።

ቤቱን ስታዪ መኝታ ቤቱ ወደ ሐዲዱ ይዞር እንደሆነ አይተሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እሱን ሳላውቅ ሙሉ ምክር መስጠት አልችልም።