ስለ ማኅፀን በር ምርመራ ለጠየቃችሁኝ

ስማችን እንዳይወጣ ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ሰፈራችሁን ብቻ ጽፌያለሁ።

ከማራኪ፦ «ካንሰሩ ገና ሳይጀምር በስልክ ካሜራ ይታያል ሲሉ ሰማሁ። እሱ እስኪመጣ ብጠብቅ አይሻልም?»

አትጠብቂ እህቴ። ወሬው ግን መሠረት የለሽ አይደለም። አሁን የተለመደው ምርመራ እንዲህ ነው፦ አዋላጇ ወይም ነርሷ የማኅፀን በሩን ከፍታ ታያለች፤ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ (አቼቶ በይው) በጥጥ ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤነኛው ቦታ ሮዝ እንደሆነ ይቀራል፤ የተለወጠው ጠርዙ የለየ፣ ደመቅ ያለ ነጭ ይሆናል። ጣጣው ዓይን ላይ ነው። ተራ ቁስለትም ነጣ ሊል ይችላል፤ አንዷ ባለሙያ ያየችውን ሌላዋ ላታየው ትችላለች።

አዲሶቹ መሣሪያዎች የሚያግዙት እዚህ ላይ ነው። ኮልፖስኮፕ የሚባለው አጉሊ መሣሪያ ጀርመን ውስጥ ከተሠራ መቶ ዓመት ሞልቶታል፤ አሁን ግን በእጅ የሚያዝና ከስልክ ጋር የሚገናኝ ሆኗል። ፎቶው ይቀመጣል፣ ሩቅ ላለ ሐኪምም ይላካል። ከዚያ አልፎ ምስሉን ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲያነበው እየተሞከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከ9,000 በላይ በሆኑ የኮስታሪካ ሴቶች ምስል ላይ ፈትነውት ከባለሙያ ዓይን በልጦ ተገኝቷል። ነገር ግን በአንድ ዓይነት ካሜራ የሠለጠነው ፕሮግራም ካሜራው ሲቀየርበት ይደናገራል። እኔ ለብቻው ይፍረድ የሚሉትን ገና አላመንኳቸውም። ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ያለውን ተመርመሪ፤ የአገራችን ምርመራ የታሰበው ለአንቺ ነው።

ከጸዳ፣ ተማሪ፦ «ሥጋ ሳይቆረጥ ሴሉን ማየት ይቻላል?»

በምርምር ደረጃ፣ አዎ። የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሠራው መሣሪያ ቀጭን የፋይበር ገመድ አለው። ፕሮፍላቪን የሚባል ቢጫ ቀለም ከተቀባ በኋላ ጫፉ የማኅፀን በሩን ሲነካ የሴሎቹ ኒውክለስ (መሐል ያለው እምብርታቸው) ስክሪን ላይ ደምቆ ይታያል። ኒውክለሶቹ ከተለቁና ከተጨናነቁ ያጠራጥራል። በአንድ ጊዜ የሚያየው ግን ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ቦታ ስለሆነ፣ የት እንደሚነካ አስቀድሞ የሚጠቁም ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ከቆላ ድባ፦ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ‹በአቼቶው አይታይልሽም› ብለው መለሷት። ችላ ብለዋት ይሆን?»

አይመስለኝም። ካንሰሩ የሚነሳበት ቦታ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ዓይንም ካሜራም በደንብ አይደርስበትም። ለእሳቸው የሚሻለው ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ፣ ኤች ፒ ቪን፣ የሚፈልገው ምርመራ ነው፤ ናሙናውን በብሩሽ ራሳቸው መውሰድ ይችላሉ። የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ ደም ካዩ ግን የማጣሪያ ምርመራ ወረፋ አትጠብቂ፤ በቀጥታ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው።

ከአዘዞ፣ አንድ ባል፦ «ባለቤቴ ነጭ ነገር ታየባት ተባለና በሙቀት አከሟት። ካንሰር ነው? ከየትስ አመጣችው?»

ወንድሜ፣ በሙቀት የሚታከመው ካንሰር ሳይሆን ቀድሞ የሚመጣው ለውጥ ነው። ያ ለውጥ ሳይታከም ቀርቶ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ኤች አይ ቪ ባለባት ሴት ግን ሊፈጥን ይችላል። ሕክምናው 100 ዲግሪ የሞቀ ጫፍ ለ20 ወይም 30 ሰከንድ ማስነካት ነው። ለጥቂት ሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራታል፤ አንተም አንድ ወር ያህል ታገሥ። ለውጡን የሚያመጣው ቫይረስ፣ ኤች ፒ ቪ፣ ሳይታወቅ ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል። ከእሷ ይሁን ከአንተ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚለይ ምርመራ የለም። ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄህን ቤት ውስጥ አታንሳው።

ከፒያሳ፦ «ልጄ ትምህርት ቤት ክትባቱን ወስዳለች። ከእንግዲህ ምርመራ አያሻትም?»

ዕድሜዋ ሲደርስ ያሻታል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው ክትባት በተለይ የሚከላከለው 16 እና 18 የሚባሉትን የቫይረሱን ዓይነቶች ነው። ከካንሰሩ 70 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት እነሱ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን አሉ።

ከማክሰኚት፦ «ቀጠሮዬ የወር አበባዬ ላይ ዋለ። ልሂድ?»

ደሙ እስኪቆም ቆይና ሂጂ።