«ድርሰቴን አላሳይሽም አለችኝ»

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። የመጀመሪያ ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፣ ለኮሌጅ እያመለከተች ነው። የማመልከቻ ድርሰቷን እንድታሳየኝ ብጠይቃት «አላሳይሽም» ብላ በሯን ዘጋችብኝ። አባቷ ሕክምና ካልሆነ አይሆንም ይላል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «የት ገባች?» ይሉኛል። እንግሊዝኛዬ ከሥራ ቦታ አያልፍም፤ በምን ልርዳት?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ በር ሲዘጋ ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ። የበኩር ልጄ ሲያመለክት ስለ አያቱ እንዲጽፍ ለምኜው ነበር፤ ጎንደር ሄዶ ሁለት ክረምት አብሯት ስለከረመ። እምቢ አለ። ማመልከቻው ከተላከ ከወር በኋላ ወረቀቱን ትራሴ ላይ አስቀምጦልኝ አገኘሁ። የጻፈው ቅዳሜ ንጋት ከአባቱ ጋር ታክሲ ስለማጠቡ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር የሕፃን ጫማ አገኙ፣ አንድ እግር ብቻ። አባቱ «እናቱ ትፈልገው ይሆናል» እያለ ወራት ሙሉ በመኪናው መሳቢያ ይዞት ዞረ። እዚያው ቤት እየኖርኩ ያንን ጫማ አላውቀውም ነበር። ኮመን አፕ በተባለው ማመልከቻ ለዋናው ድርሰት የሚፈቀደው ቢበዛ 650 ቃል ነው፤ እኔ የፈለግሁትን ጽፎ ቢሆን ኖሮ ለጫማው ቦታ አይተርፍም ነበር። ድርሰቱን ለእርሷና ለመምህሯ ይተዉላት።

ያለ እርስዎ የማይሆነው የገንዘቡ ወረቀት ነው። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ነፃ ስለሆነ ልሙላልሽ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አይክፈሉ። ልጅዎ የራሷን አካውንት ትከፍታለች፤ ወላጅም በራሱ ኢሜይል የራሱን ይከፍታል። ግብር ከባለቤትዎ ጋር በአንድነት የምታሳውቁ ከሆነ አንዳችሁ ትበቃላችሁ። የሚታየው የቅርቡ ዓመት ግብር አይደለም፤ ለምሳሌ በ2026 መጸው ትምህርት ለሚጀምር ተማሪ የሚጠየቀው የ2024 ነው። የግብር መረጃው እንዲተላለፍ ወላጅ ካልፈቀደ ልጅቷ የፌዴራል ድጋፍ አታገኝም። እዚህ ላይ «ገቢያችንን ለምን እናሳያለን?» ብለው የሚያቆሙ አባቶች ገጥመውኛል፤ ያዝናል ልቤ። ያ ገቢ ለግብር መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ የተነገረ ነው።

በጸደይ የድጋፍ ደብዳቤዎች ሲመጡ ደግሞ ሁለት እስክሪብቶ ይዘው ከልጅዎ ጋር ይቀመጡ፤ አረንጓዴና ቀይ። የማይመለሰውን ስጦታ በአረንጓዴ፣ ብድሩን በቀይ ያስምሩ። ብድርም እዚያው «ድጋፍ» በሚለው ርእስ ሥር ተደርድሮ ስለሚመጣ ብዙ ቤተሰብ ስጦታ መስሎት ደስ ይለዋል። በወላጅ ሥር ላለ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በራሱ ስም የሚሰጠው የፌዴራል ብድር እስከ 5,500 ዶላር ነው፤ ይህን ቁጥር ካዩ ቀዩን ያንሱ። ቀድሞ በሚወሰን ማመልከቻ፣ ከተቀበሉኝ የግድ እገባለሁ በሚባለው፣ ወላጅም ይፈርማል። ከመፈረምዎ በፊት በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የወጪ ማስያ ይሙሉ።

ለአባቷ ይህን ይንገሩልኝ፦ እዚህ አገር ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የአራት ዓመት ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው። ዘንድሮ የሚቆረጥ ነገር የለም።

እርስዎ ከሌሊት ሥራ ሲገቡ እርሷ ወደ ትምህርት ቤት እየወጣች ይሆናል። ስለዚህ እሑድ ቡና ሲፈላ አንድ ሰዓት ለኮሌጅ ጉዳይ ይመድቡና ከዚያ ውጭ አያንሱባት። እሑድ ጧት «የት ገባች?» ለሚሏችሁ ምን እንደሚመለስ ልጅዎን ይጠይቋት። «ገና ነው በያቸው» ካለችዎ፣ ገና ነው ይበሏቸው።