ሕንጻው ቢሸጥም አንቺ ገና ተከራይ ነሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 26 ቤት ባለው አሮጌ ሕንጻ ነው የምኖረው። ባለቤቱ ሊሸጠው ነው። ማኔጀሩ በ30 ቀን ከለቀቅሽ 4 ሺህ ዶላር እንሰጥሻለን አለኝ። ሊዜ (የኪራይ ውሌ) ካለቀ ቆይቷል፣ ወር በወር ነው የምከፍለው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ፖስታ በበር ሥር ገብቷል። መብት አለኝ ወይ?» ነው ያልሽው። አዎ፣ አለሽ። ረዘም አድርጌ እመልስልሻለሁ። በ2014 በፈረንጅ እኔም እዚያው ላይ ቆሜ ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን ምንም ነገር እንዳትፈርሚ። ማኔጀሩ ነገ ቼክ ይዞ በርሽን ቢያንኳኳ «ወረቀቱን ተውልኝ፣ አስነብቤ እነግርሃለሁ» በይው። ይህን ለማለት ጥሩ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

ዲሲ ውስጥ ቤት መሸጥ ብቻውን ተከራይን ለማስወጣት ምክንያት አይሆንም። ሊዝሽ ማለቁም ለውጥ የለውም። ሲያልቅ በራሱ ወደ ወር በወር ይዞራል፣ መብትሽ እንዳለ ይቀጥላል። ገዢው ሕንጻውን ሲረከብ አንቺንም ከነውልሽ ነው የሚረከበው። ሕጉ ተከራይ የሚወጣባቸውን ምክንያቶች ቆጥሮ አስቀምጧል። ኪራይ አለመክፈል አንዱ ነው። ገዢው ራሱ ሊኖርበት ከፈለገም አንዱ ነው፤ ያኔም ቢሆን የ90 ቀን ማስታወቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ባለ 26 ቤት ሕንጻ የሚገዛ ኩባንያ ግን «እኔ ልኖርበት ነው» ሊልሽ አይችልም። የማኔጀሩ 30 ቀን እንግዲህ ከሕግ የመጣ አይደለም። ከእሱ የመጣ ነው።

አሁን ወደዚያ ወፍራም ፖስታ ልምጣ። ጥለሽው ከሆነ ፈልጊው። እንደገመትኩት ከሆነ «ኦፈር ኦፍ ሴል» የሚባለው ነው። ዲሲ ከ1980 ጀምሮ «ቶፓ» የሚባል ሕግ አላት። ባለቤቱ ሕንጻውን ለሌላ ከመሸጡ በፊት መጀመሪያ ለተከራዮቹ «ግዙ» ብሎ ማቅረብ አለበት። ወረቀቱ ለእያንዳንዱ ተከራይ ይሰጣል፣ ቅጂው ለከተማው ይገባል። አምስትና ከዚያ በላይ ቤት ባለው ሕንጻ ውስጥ ግን ለብቻሽ መልስ መስጠት አትችዪም። ተከራዮቹ ማኅበር አቋቁመው፣ የአብዛኛውን ቤት ፊርማ ይዘው፣ በሕግ አስመዝግበው ነው የሚመልሱት። ለዚህም 45 ቀን አላቸው። ቀኑ ካለፈ መብቱ ያልፋል። ስለዚህ ፖስታው የደረሰሽን ቀን አሁኑኑ ጀርባው ላይ ጻፊበት።

የእኛ ሕንጻ ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ፣ 22 ቤት ያለው ነበር። ግማሾቻችን ሐበሾች ነን፣ የቀሩት አብዛኞቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ። ፖስታው በኅዳር መጣ። እኔ ማስታወቂያ መስሎኝ ፍሪጅ ላይ ጣልኩት። በሁለተኛው ሳምንት ማኔጀሩ ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። ለአንዱ 3 ሺህ፣ ለአንዱ 5 ሺህ ይላል፤ «ለሌላው እንዳትነግሩ» ይላል። ከሦስተኛ ፎቅ ሁለት ሐበሻ ቤተሰቦች ፈርመው ወጡ። አንደኛዋ ሦስት ልጆች ያሏት እናት ነበረች። ኪራይዋ ከሠፈሩ ዋጋ በግማሽ ያነሰ ነበር። የተሰጣት ገንዘብ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለአዲሱ ቤት የመጀመሪያ ወርና ለዲፖዚት (ለማስያዣ) ብቻ በቃላት። ዛሬም ሳስባት ያንገበግበኛል። ያን ፖስታ ቀደም ብዬ ከፍቼው ቢሆን በሯን አንኳኩቼ እነግራት ነበር።

ያነቃን አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ፖስታውን ይዘው ከተማው ለተከራዮች ወዳቋቋመው ቢሮ ሄዱ፣ የተከራዮች ተሟጋች ቢሮ ነው። ምክሩ ነፃ ነው። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛ ደግሞ መሥሪያ ቤቶቿ ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ ጠይቂ። ልጅሽን ወይም ጎረቤትሽን አስተርጓሚ ማድረግ የለብሽም።

ስብሰባችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ አንዱ ወደ አማርኛ፣ አንዷ ወደ ስፓኒሽ ትመልሳለች። የአንድ ሰዓቱ ነገር ሦስት ሰዓት ፈጀ። ግን እኛ እኮ ዕድር የምናውቅ ሰዎች ነን። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ መምረጥ፣ ደንብ መጻፍ፣ የቀረውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ማስፈረም ለእኛ አዲስ አይደለም። ሊቀመንበሯ ሳልቫዶራዊት ሆነች፣ እኔ ጸሐፊ። 12 ፊርማ ይበቃን ነበር፣ 17 አገኘን። ወረቀቱን በ38ኛው ቀን አስገባን። የባለቤቱን ቅጂ በሪኮማንዴ ላክን፣ ደረሰኙን ያዝን።

ብዙ ሰው የፈራው የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ነበር። አንድ ወንድማችን «ስሜ እንዳይጻፍ» ብሎ በር ዘግቶብን ነበር። ይህን የምታነቡ ሁሉ ስሙኝ። የተከራይነት መብት የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም። ተከራይ ከሆንክ ተከራይ ነህ። ማኅበራችንን የሚያማክረው ጠበቃ ራሱ ይህን በአስተርጓሚ ሲነግረው በሦስተኛው ቀን መጥቶ ፈረመ።

«26 ቤት እኛ በምን ገንዘብ እንገዛለን?» ትይኝ ይሆናል። እኛም ይህንኑ ብለን ነበር። የቶፓ ጉልበት ያለው ግን መግዛቱ ላይ ብቻ አይደለም። ማኅበሩ ከተመዘገበ በኋላ ቢያንስ 120 የመደራደሪያ ቀን አለው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ብድርና ድጋፍ አፈላልጎ ሕንጻውን በኅብረት ሥራ መግዛት ነው፤ ይህን ያደረጉ ተከራዮች ዲሲ ውስጥ አሉ። ሁለተኛው፣ መብቱን እናንተ ለመረጣችሁት ገዢ ማስተላለፍ ነው። እኛ የሄድነው በሁለተኛው ነው። አራት ገዢዎች ተራ በተራ እዚያችው ልብስ ማጠቢያ ክፍል መጥተው ምን እንደሚያደርጉልን አስረዱን። እስከዚያ ቀን ድረስ ለቧንቧ እንኳ ስንለማመጥ የኖርን ሰዎች፣ ያን ቀን ጠያቂዎቹ እኛ ሆንን። የመረጥነው ገዢ ኪራያችንን ባለበት ሊያስቀጥል፣ ማሞቂያውንና መስኮቶቹን ሊቀይር ተስማማ። መውጣት ለፈለጉ ሦስት ቤቶችም ማኔጀሩ ካለው እጅግ የበለጠ ከፈለ።

ጥፋትም ሠርተናል። የጥገናውን ዝርዝር አጻፍን እንጂ የሚያልቅበትን ቀን አላጻፍንም። መስኮቱ ሁለት ክረምት ቆየ። በቃል «በጥቂት ወር» ብለውን ነበር። የእናንተ ውል ውስጥ እያንዳንዱ ነገር ቀን ይኑረው። ካልተፈጸመስ ምን ይከተላል የሚለውም ይጻፍ። ይህን ጠበቃው ያውቃል፣ ግን እናንተ ካልጠየቃችሁ ሊያልፈው ይችላል።

ሽያጩ ሲቃረብ ደግሞ «ኢስቶፔል» የሚባል ፎርም ያመጡልሻል። ኪራይሽ ስንት ነው፣ ዲፖዚት ስንት አስይዘሻል፣ ያልተፈታ ቅሬታ አለሽ ወይ ይላል። ዝም ብለሽ እንዳትፈርሚበት፤ አንብቢው። እኔ ላይ ዲፖዚት የሚለው ቦታ ዜሮ ተጽፎ ነበር። ስገባ የከፈልኩበት የ2006 ደረሰኝ ስለነበረኝ አስተካከልኩት። ዲፖዚትሽ ከሕንጻው ጋር ወደ አዲሱ ባለቤት ይተላለፋል፣ አንድ ቀን ስትወጪ የሚጠየቀው እሱ ነው። ደረሰኝ ከሌለሽ የባንክ መዝገብሽን አስወጪ።

ኪራይም አታቋርጪ። ይህን አደራ እላለሁ። «ሊሸጥ ነው» ብለው የተዉ ሰዎች ሳያስቡት ራሳቸውን ለማስወጣት ሕጋዊ ምክንያት ይሰጣሉ። በቼክ ወይም በመኒ ኦርደር ክፈዪ፣ ቅጂ ያዢ። «ከአሁን በኋላ ለእኔ ክፈሉ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ባለቤትነት መተላለፉን በጽሑፍ እስኪያሳይሽ አትክፈዪው። ሕንጻሽ ከ1976 በፊት የተሠራ ከሆነ በኪራይ ቁጥጥር ሥር ሊሆን ስለሚችል እሱንም አጣሪ። በቁጥጥሩ ሥር ከሆነ አዲሱ ባለቤት እንደፈለገ አይጨምርም። በመደበኛው በዓመት አንዴ፣ ከተማው በሚያወጣው ልክ ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ። እኛ በ2014 ያለፍንበት ሕግ በ2025 ተሻሽሏል። አንዳንድ ሕንጻዎች፣ በተለይ አዳዲስ የተሠሩት፣ ከቶፓ ወጥተዋል። ያንቺው አሮጌ መሆኑ ደግ ነው። ቢሆንም ሕንጻው መግባቱንና የቀኖቹን ቁጥር ከተሟጋች ቢሮው አረጋግጪ። አስተያየት ላይ ከአሌክሳንድሪያ የጻፍሽው እህትም ይህን እዚያ እንዳትጠብቂ። ቨርጂኒያ ውስጥ ወር በወር የሚከፍል ተከራይ በ30 ቀን ማስታወቂያ ሊወጣ ይችላል፤ ጊዜው ያላለቀ ሊዝ ያለው ግን ሽያጩ ሊዙን አያፈርስበትም። ሜሪላንድም የራሷ ሕግ አላት።

ስለዚህ እህቴ፣ ነገ ጠዋት ቢሮው ጋ ደውዪ። ማታ ደግሞ ከፎቅሽ ጀምረሽ በር አንኳኪ። «ፖስታ ደርሷችኋል? የፈረማችሁት ነገር አለ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሳቸውን ከነቤት ቁጥሩ ጻፊው። መናገር የሚፈሩ ሐበሾች ካሉ ንገሪኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ፣ መጥቼ አብሬሽ አንኳኳለሁ።