ጥያቄና መልስ፦ ነፃ የንግድ ቀጠናውና የእኛ ማሾ

ሰላም ጀማዓ። ኮምቦልቻ ላይ 17 ዓመት በትራንዚተርነት፣ ማለትም የነጋዴን የጉምሩክ ጉዳይ በማስፈጸም ሠርቻለሁ። ስለ አፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ማታ የምችለውን እመልሳለሁ። ከወዲሁ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ቀረጥ ተነሳ ማለት በር ተከፈተ ማለት አይደለም።

ከሐርቡ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ማሾ ጭኜ ኬንያ ብልክ አሁን ቀረጥ የለብኝም ማለት ነው?

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም። ስምምነቱ ኪጋሊ ላይ የተፈረመው በመጋቢት 2010 ነው። እኛ በሱ ሥር መላክ የጀመርነው ግን በመስከረም 2018 ነው። አገሮቹ የ90 በመቶውን የዕቃ ዓይነት ቀረጥ ደረጃ በደረጃ ያነሳሉ። እንደኛ ላሉት ታዳጊዎች 10 ዓመት፣ ለሌሎቹ 5 ዓመት ተሰጥቷል። ስለዚህ በጅምላ «ዜሮ ነው» የሚልህን አትስማ። የማሾ የታሪፍ ቁጥር 071331 ነው። እሱን ይዘህ የተቀባዩን አገር የቀረጥ ሠንጠረዥ ታያለህ።

ከዚያ ሰርተፊኬት ኦፍ ኦሪጅን፣ ዕቃው የት አገር እንደተመረተ የሚመሰክረውን ወረቀት ታወጣለህ። እህል ላይ ይሄ ቀላል ነው፤ እዚሁ ቃሉ ወረዳ በቅሎ እዚሁ የታጨደ ማሾ መነሻው አያከራክርም። ወረቀቱ ከሌለህ ግን ኬላው ላይ እንደማንኛውም የውጭ ዕቃ ሙሉውን ትከፍላለህ። ወረቀት ሳትይዝ አትጫን።

ከሰኞ ገበያ፦ ቡናስ ጋሼ?

መልስ፦ ቡና አልሠራሁም እህቴ። የሚልኩትን ጠይቂ።

ከቧንቧ ውሃ፦ ኮሜሳ ውስጥ ድሮም አለንበት አይደል? አዲሱ ምን ጨመረ?

መልስ፦ የኮሜሳ፣ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ አባል ነን። የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጠና በ1993 ሲጀመር ግን አልገባንበትም። ለአባል አገሮች የምናደርገው የ10 በመቶ የቀረጥ ቅናሽ ብቻ ነበር። በአዲሱ ግን ከላይ እንዳልኩት የ90 በመቶው የዕቃ ዓይነት ቀረጥ ደረጃ በደረጃ ይነሳል።

ከገርባ፦ ቀረጥ ከተነሳ ታዲያ ማን ይከለክለናል?

መልስ፦ ይሄን ስለጠየቅክ አመሰግናለሁ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ውስጥ ያለ ቀረጥ ይነግዳሉ። በየካቲት 2013 ግን ኬንያ የኡጋንዳንና የታንዛኒያን በቆሎ ድንበር ላይ አስቆመች። ምክንያቱ አፍላቶክሲን ነው፤ ከሻጋታ የሚመጣው መርዝ። በቀናት ውስጥ እገዳው ተነሳ፤ በምትኩ መርዙ ከአንድ ቢሊዮን 10 ክፍል እንደማይበልጥ የሚያሳይ ሰርተፊኬት ግዴታ ሆነ። ቀረጡ ያኔም ዜሮ ነበር። ያስቆማቸው ርጥበት ነው።

እኔም ያየሁት አለ። አንድ አቅራቢ ሸራ ሳያለብስ የጫነው እህል ባቲ ላይ ዝናብ መታው። ከላይ ደርቆ ከሥር ሻግቶ ደረሰ። ጭነቱ ተመለሰ፤ ገበሬዎቹ ገንዘባቸውን ሳያገኙ ከረሙ። እስከዛሬ ይቆጨኛል። እባካችሁ ባዶ መሬት ላይ አታስጡ። ሚዛን እንዲያነሳ ብላችሁ ውሃ አታርከፍክፉ። ጆንያውን ከግድግዳ አርቁት፣ ከሥሩም እንጨት አድርጉ። መርዙ በዓይን አይታይም፤ ሲያበጥሩትም አይወጣም።

ከደላንታ፦ እኔን የሚያሳስበኝ የሚገባው ነው። ርካሽ እህል ከውጭ ከገባ ምስራችንን ማን ይገዛናል?

ከፒያሳ፦ ይግባ እንጂ! ከተሜው እኮ ሽሮ ተወዶበታል።

ከደላንታ፦ አንተ የምትገዛው በኪሎ ነው። እኔ የማዳበሪያ ዕዳ አለብኝ።

ከፒያሳ፦ እኔስ የቤት ኪራይ የለብኝም?

መልስ፦ ተረጋጉ፤ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ሜክሲኮ ከአሜሪካና ከካናዳ ጋር ስትስማማ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ማለት ነው፣ የበቆሎ ገበያዋን ቀስ በቀስ እስከ 2008 ልትከፍት ነበር። መንግሥቷ ግን ከኮታ በላይ የገባውን ቀረጥ ሳያስከፍል አሳለፈው። ትንሹ ገበሬ ድጎማ ከሚያገኘው የአሜሪካ በቆሎ ጋር ዝግጅት ሳይኖረው ተጋፈጠ። ጊዜ ተሰጥቶት ነበር፤ አልተጠቀሙበትም።

በእኛ ስምምነት 7 በመቶው የዕቃ ዓይነት ስሱ ተብሎ ይዘገያል፤ 3 በመቶው ጨርሶ አይነካም። ምስር የት እንደተመደበ የደላንታ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዛሬውኑ ሄደው ይጠይቁ። ነገ ሳይሆን ዛሬ።

ከሙጋድ፦ ቢዝነሱ ያዋጣል?

መልስ፦ የቱ ቢዝነስ? ስንት ኩንታል? ለየትኛው አገር? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ከከሚሴ፦ ማሾ ወደ ኬንያ ቀረጥ አለው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ፣ በፈጣሪ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ማሾአችን የሚሄደው እስያ ነው። ለኛ ጅቡቲ ከሞያሌ ይቀርባል። የአፍሪካው ስምምነት ምን ይጠቅመናል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ህንድ ለታዳጊ አገሮች የቀረጥ ቅናሽ ትሰጣለች። ሆኖም በየካቲት 2014 ማሾን ያለ ፈቃድ ከሚገባው ዝርዝር አውጥታ ገደብ ጣለችበት። የቀረጥ ቅናሹ ያኔም አልተነሳም፤ ማሾው ግን እንደልቡ መግባት አልቻለም። እንደ ኬንያ ያለ ሁለተኛ ገዢ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ደላላ በቆረጠለት ዋጋ አይሸጥም። ሞያሌ ሩቅ ነው፤ ኪራዩም ይከብዳል። ቢሆንም ዘንድሮ ጥቂት ኩንታል ሞክሩ፤ ወረቀቱን ልመዱት።

ከሐርቡ፦ ጋሼ፣ ቁጥሩን አንዴ ይድገሙልኝ።

መልስ፦ 071331። ጻፈው። ሰርተፊኬቱን ስታወጣ ደውልልኝ፤ አብሬህ አየዋለሁ።