ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ሳይጎዱ መሥራት፦ የሠራተኞች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። መጀመሪያ በኦፕሬተርነት፣ ኋላም በደህንነት ክፍል ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ ቆይቻለሁ። ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ የረዘሙትን አሳጥሬ እመልሳለሁ። የፋብሪካችሁ መመሪያ እኔ ከምለው የጠበቀ ከሆነ እሱን ተከተሉ።

ጥያቄ፦ ሥራ ከጀመርኩ ገና ወር አልሞላኝም። ከሁሉም በላይ መፍራት ያለብኝ የትኛውን ኬሚካል ነው?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣህ። ኬሚካሎቹን አንድ በአንድ ማወቅህ አይቀርም። እኔ ግን ከኬሚካሉ በፊት ሰዓቱን ለይተህ እወቅ እልሃለሁ። ሁሉም ነገር በቧንቧ ውስጥ ተዘግቶ ሲሄድ ብዙም ሰው አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ቧንቧ ሲከፈት፣ ታንክ ሲታጠብ፣ ቱቦ ሲቀጠል፣ ቆሞ የነበረ ማሽን ሲነሳና ፈረቃ ሲቀያየር ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 2005 አሜሪካ ውስጥ በቴክሳስ ሲቲ ነዳጅ ማጣሪያ የደረሰው እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ነው። ከጥገና በኋላ ሥራ በማስጀመር ላይ ሳሉ አንዱ ማማ ከልክ በላይ ሞላ። የፈሳሹ ከፍታ መለኪያ ግን እየቀነሰ እንደሆነ ያሳይ ነበር። ፈሳሹ ሞልቶ በማስወጫው ፈሰሰ፣ ተነነ፣ ተቀጣጠለ። 15 ሰዎች ሞቱ። የሞቱት በአቅራቢያው በቆሙ ጊዜያዊ ቢሮዎች ውስጥና ዙሪያ የነበሩ ናቸው። ማማው ሥራ ሲጀምር እዚያ መገኘት ያልነበረባቸው ሰዎች ናቸው። አንተም አጠገብህ የቆመ ነገር ሊነሳ ነው ከተባለ፣ ሥራ ከሌለህ ከዚያ አካባቢ ዞር በል።

ጥያቄ፦ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ኦፕሬተሩ «ፓምፑ ተዘግቷል፣ ባዶ ነው፣ ፍታው» ይለኛል። አላምንህም ልበለው?

መልስ፦ ሰውየውን እመነው፣ ቫልቩን አትመነው። ቫልቭ ያረጃል። እጀታው እስከ መጨረሻው ዞሮም ውስጡ ሊያሳልፍ ይችላል። አደገኛ ፈሳሽ ወይም ጋዝ ላለበት መስመር አንድ የተዘጋ ቫልቭ አይበቃም። መስመሩ በብረት ሳህን መደፈን፣ ካልሆነም ተለያይቶ መቀመጥ አለበት።

ማፍሰሻውን ከፍተህ ምንም ስላልወጣ ደግሞ ባዶ ነው ብለህ አትደምድም። ማፍሰሻው ራሱ በዝቃጭ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ወፍራም ኮስቲክ ሶዳ ሲቀዘቅዝ መጋገር ይወዳል፤ ፈሳሹ ከጀርባ ተከማችቶ እያለ ማፍሰሻው ደረቅ ይመስላል። ዜሮ የሚያሳየው የግፊት መለኪያም ቀዳዳው ተዘግቶበት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ መፍታቱ እንምጣ። ፊትህን ከመጋጠሚያው ትይዩ አታድርግ። መጀመሪያ የምታላላው ካንተ ራቅ ብሎ በተቃራኒ በኩል ያለውን ብሎን ነው። አላላው እንጂ አታውጣው። ቀሪዎቹንም እንዲሁ በጥቂቱ እያላላህ መጋጠሚያውን በዚያ በኩል ትንሽ ክፈተው። ውስጡ የቀረ ነገር ካለ ወደዚያ ይወጣል፤ ብሎኖቹ በቦታቸው ስላሉ መልሰህ ማጥበቅ ትችላለህ። ቅርብህ ያለውን ብሎን ቀድሞ የሚፈታ ሰው ግፊቱን ወደ ራሱ ፊት ይጠራዋል። ከዳርና ከዳር ክፍት የሆነው ተራ መነጽር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዓይን ዙሪያ የሚገጥመውን አድርገህ፣ ከላዩ የፊት መሸፈኛ ደርብበት።

ጥያቄ፦ ሱፐርቫይዘሩ ብሬከሩን ዘግቶ ጓጉንቸር ካስገባበት፣ የኔ ቁልፍ ደግሞ ለምን ያስፈልጋል? ሰዓት ማባከን ነው የሚመስለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሱ ቁልፍ የሚጠብቀው እሱን ነው። ሥራው አልቋል ብሎ ካነሳው አንተ እጅህ ማሽን ውስጥ እንዳለ ሊነሳብህ ይችላል። አንድ ሰው፣ አንድ ጓጉንቸር፣ አንድ ቁልፍ፤ ቁልፉም ኪስህ ውስጥ። ከቆለፍክ በኋላ ማስነሻውን ተጫነው። የማይነሳ መሆኑን በዓይንህ እይ፤ የተሳሳተ ብሬከር የተቆለፈበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወረቀቱም እንደ ቁልፉ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1988 በሰሜን ባሕር ላይ በነበረው ፓይፐር አልፋ የነዳጅና ጋዝ ማውጫ፣ አንድ ፓምፕ የግፊት መልቀቂያ ቫልቩ ለጥገና ተነስቶ ቦታው በሳህን ተሸፍኖ ነበር። ሥራው ሳያልቅ ፈረቃ ተቀየረ። የቫልቩ የሥራ ፈቃድ ወረቀት እንዳለ የማታዎቹ አላወቁም። ሌላኛው ፓምፕ ሲቆምባቸው ይህኛውን አስነሱ። በሳህን በተሸፈነው ቦታ አፈሰሰ፣ ፈነዳ፤ 167 ሰዎች አለቁ። ስለዚህ ርክክብ ላይ «ሁሉም ሰላም ነው» ብሎ መሄድ ይቅር። የተፈታውን፣ የተቆለፈውን፣ ግማሽ ላይ የቀረውን ቦታው ድረስ ወስዳችሁ አሳዩ።

ጥያቄ፦ ታንክ እናጥባለን። ከመግባታችን በፊት ክዳኑን ከፍተን ለተወሰነ ጊዜ እናናፍሰዋለን። ይበቃል? ደግሞ ጓደኛዬ ውስጥ ቢወድቅ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይበቃም። ይህን ጥያቄ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ብዙ ነፍስ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

የምንተነፍሰው አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው። ከ19.5 በመቶ በታች ወይም ከ23.5 በመቶ በላይ ከሆነ አይገባም። ይህን አፍንጫ አይለየውም፤ መለኪያ ብቻ ነው የሚለየው። መጀመሪያ ኦክስጅን፣ ቀጥሎ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ከዚያ መርዛማ ጋዝ ይለካል። ቅደም ተከተሉ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ብዙዎቹ የተቀጣጣይ ጋዝ መለኪያዎች ኦክስጅን ሲያንስ የተሳሳተ ንባብ ይሰጣሉ። መለኪያውን ከአፉ ላይ ብቻ አታንሳው። በገመድ ወይም በቱቦ ወደ መሐልና ወደ ታች አውርደው፤ ከባድ ጋዝ ታች ይተኛል። ሰው ውስጥ እስካለ ድረስም መለካቱ አይቆምም፤ ዝቃጭ ሲነካካ የታመቀው ጋዝ ይለቀቃልና።

በተለይ ናይትሮጅንን ልብ በሉ። መርዝ አይደለም፣ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ሰውነታችን «ታፈንኩ» የሚለው በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀምበት ነው፤ ኦክስጅን ማነሱን በቀጥታ አይነግረንም። ናይትሮጅን በሞላው ታንክ ውስጥ ያለ ሰው ምንም ሳይጨንቀው፣ አንድ ሁለት ጊዜ እንደተነፈሰ ሊወድቅ ይችላል። ሊጮህ እንኳ ጊዜ የለውም።

ጓደኛህ ቢወድቅ አትግባ። ይህን ስጽፍ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የአሜሪካው የሥራ ጤና ምርምር ተቋም ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ እንዲህ ባሉ ቦታዎች ከሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሊያድኑ የገቡ ናቸው ብሏል። እሱን የጣለው አየር አንተንም ይጥልሃል፤ ከዚያ አዳኙ ሁለት ሰው ነው የሚያወጣው። የሚያድነው ዝግጅት ከመግባቱ በፊት የሚደረገው ነው፦ መታጠቂያ ለብሶ፣ ከመታጠቂያው ገመድ ወጥቶ፣ ገመዱ ከላይ ከማንሻ ጋር ታስሮ፣ በሩ ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ቆሞ። ያ ሰው ውጭ ሆኖ ይስባል፣ እርዳታ ይጠራል። መሣሪያ አምጣ ተብሎ የሚላክ ከሆነ ጠባቂ የለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ማስክ ተሰጥቶኛል። ለሁሉም ጋዝ ያገለግላል? ጢሜስ?

መልስ፦ አያገለግልም። ማጣሪያው የተሠራለት ጋዝ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ለአሲድ ጋዝ የተሠራው ለአሞኒያ ላይሆን ይችላል። ማጣሪያ ኦክስጅን አይጨምርም፤ ታንክ ውስጥ ይዘኸው እንዳትገባ። ጊዜውም ያልቃል፣ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ሳይጠቀሙበትም ይደክማል። ጢምን በተመለከተ፣ ማስኩ ከፊት ቆዳ ጋር በሚገጥምበት መስመር ላይ ፀጉር ካለ ጋዙ በዚያ ይገባል። መላጨት የማትችል ከሆነ አየር በግፊት የሚያስገባ፣ ከፊት ጋር መጣበቅ የማያስፈልገው ዓይነት ጠይቅ። አለ።

ጥያቄ፦ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ መጥቶ ወዲያው ጠፋ። ሄደ ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም ብሶ ይሆናል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በትንሹ ይሸታል። ወደ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል መቶው) ሲጠጋ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ጋዙ ግን አለ። ሽታ ጠፋ ብለህ አትመለስ። መለኪያ እስኪመጣ ውጭ ቆይ።

ጥያቄ፦ ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ውስጥ ቢገባ? አንዳንዱ ኮምጣጤ ይላል።

መልስ፦ በፍጹም። ውኃ ብቻ፤ ወዲያውኑ፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ። ለኮስቲክ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል፤ ሐኪም ቤት እየተወሰደም ቢቀጥል ጥሩ ነው። አሲድ ወዲያው ስለሚያቃጥል ሰው ይጮሃል፣ ይሮጣል። ኮስቲክ ግን ቆዳ ላይ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያም ይችላል፣ እያደር ግን ወደ ውስጥ ይሰረስራል። ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል።

የተጎዳው ሰው ዓይኑን መክፈት ያቅተዋል። የዓይኑን ቆብ በሁለት ጣት ለይታችሁ ያዙለት፣ ዓይኑን ያንከባልል፣ ውኃው ከሥሩ ይግባ። ወደ ዓይን መታጠቢያው የሚወስደው መንገድ በ10 ሰከንድ የሚደረስ መሆን አለበት። ዓይኑ የማያይለት ሰው ስለሚሄድበት ካርቶንና በርሜል አይቀመጥበትም። መታጠቢያውን በየሳምንቱ ከፍታችሁ እዩት። ለወራት ያልተከፈተ ቧንቧ መጀመሪያ የሚተፋው ዝገት ነው፤ ያ ዝገት የተቃጠለ ዓይን ውስጥ እንዲገባ አትፍቀዱ።

ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የምትጠቀሙ ካላችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው። ቀጠን ያለው ከሰዓታት በኋላ ነው ማመም የሚጀምረው፤ እስከዚያ ውስጥ ገብቶ የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል። ቆዳን ከታጠቡ በኋላ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ይቀባል፣ ሐኪም ቤትም የግድ ነው። ጄሉ የሥራ ቦታችሁ ላይ ከሌለ ሥራው አይጀመር።

ጥያቄ፦ ጓንት ካደረግኩ እጄ ደህና ነው አይደል?

መልስ፦ እህቴ፣ የትኛው ጓንት ለየትኛው ኬሚካል? ለብዙ ዘይት የሚሆነው ናይትራይል ጓንት አሴቶን ሲነካው ቶሎ ይሸነፋል። ከረን ዌተርሃን የተባለች አሜሪካዊት የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1996 ጥቂት የዲሜቲል ሜርኩሪ ጠብታ ላቴክስ ጓንቷ ላይ ወደቀባት። ጓንቱ አልተቀደደም። ኬሚካሉ ግን አልፎ ገባ፤ በ1997 ሞተች። ከየኬሚካሉ ጋር የሚመጣውን የደህንነት መረጃ ወረቀት፣ ኤስዲኤስ የምንለውን፣ ጠይቂ። 16 ክፍል አለው፤ ስለ ጓንትና ማስክ የሚናገረው 8ኛው ነው። «ተስማሚ ጓንት ያድርጉ» ብቻ ብሎ ካለፈ አቅራቢው ዓይነቱን እንዲጽፍ አስጠይቂ።

ጥያቄ፦ አሲድ ስንቀላቅል የቱ ይቅደም?

መልስ፦ ውኃው ይቅደም፤ አሲዱ በዝግታ እሱ ላይ ይጨመር። ውኃ ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ከተደፋ እዚያው ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል። በረኪናን ደግሞ ከአሲድም ከአሞኒያም ጋር አታገናኙ፤ ከአሲድ ጋር ክሎሪን ጋዝ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ቧንቧ ቢሰነጠቅ «ለጊዜው» ብለን የሆነ ነገር እንቀጥላለን። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። እ.ኤ.አ. በ1974 እንግሊዝ ፍሊክስቦሮ ላይ አንድ ማብላያ (ኬሚካል የሚዋሃድበት ትልቅ ጋን) ስለተሰነጠቀ አነሱትና በጊዜያዊ ቧንቧ አገናኙ። የቧንቧው ንድፍ የተሠራው በጠመኔ ወርክሾፕ ወለል ላይ ነበር። ፈነዳ፣ 28 ሰው ሞተ። ቀኑ ቅዳሜ ባይሆን ቢሮ ውስጥ የሚሞተው ብዙ ነበር። ማንኛውንም ለውጥ፣ ጊዜያዊውንም ጭምር፣ ስሌቱን የሚያውቅ መሐንዲስ ይየው፤ የሚነሳበት ቀንም ይጻፍ።

ጥያቄ፦ የክፍል ኃላፊ ነኝ። ሠራተኞቼ ማስክ አያደርጉም፣ ብቀጣም ለውጥ የለም።

መልስ፦ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ማስኩን ያስፈለገው ምንድን ነው? ተን የሚወጣው ክዳን ስላልተገጠመ ከሆነ ክዳኑን ይግጠሙ። የሚስብ ማራገቢያ ቢተከል፣ ኬሚካሉ በቀለለ ቢተካ፣ የሚከማቸው ቢቀንስ ማስኩ የመጨረሻ መከላከያ ይሆናል። ትሬቨር ክሌትዝ የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚካል መሐንዲስ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ የሌለ ነገር አይፈስም።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1984 ቦፓል፣ ሕንድ፣ ሜቲል አይሶሳያኔት የያዘ ታንክ ውስጥ ውኃ ገብቶ ሺዎች ሲሞቱ፣ ታንኩን የሚያቀዘቅዘው ማሽን ቀድሞ ቆሞ ነበር፤ ጋዙን የሚያቃጥለው ማማ ቧንቧው ለጥገና ተፈትቶ ነበር። ያ ሁሉ የሠራተኛ ማስክ የሚመልሰው አይደለም። ደግሞ ስለ ቅጣቱ፦ ለጥቂት የተረፈ ሰው «ተርፌያለሁ» ብሎ ሲናገር ከተቀጣ፣ ቀጣዩ አይነግርዎትም። የሚሰሙት ሰው ሲጎዳ ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ክሎሪን ቢያመልጥ ወዴት ልሩጥ?

መልስ፦ የነፋስ ማሳያውን ጨርቅ ተመልከት። ከነፋሱ አቅጣጫ በጎን በኩል ወጥተህ፣ ከዚያ ነፋሱ ወደሚመጣበት። ጋዙን አቋርጠህ አትለፍ። ክሎሪን ከአየር 2.5 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ጉድጓድና ምድር ቤት ውስጥ አትደበቅ፤ ከፍ ያለ ቦታ ፈልግ። ፋብሪካው ሁለት መሰብሰቢያ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ጋዙ በሚሄድበት አቅጣጫ ሊውል ይችላልና። ከደረስክ በኋላ ስምህ እስኪጠራ ቆይ። ሳትቆጠር ወደ ቤትህ ከሄድክ፣ አንተን ፍለጋ ጋዙ ውስጥ የሚገባ ሰው ይኖራል።