ወንድሜ በወረፋ፣ እህቴ በሂሳብ

ጥያቄ፦ ውድ አምደኛ፣ ወንድሜ ኢንግላንድ፣ እህቴ አሜሪካ ይኖራሉ። እሱ «ሆስፒታል ገብቼ አምስት ሳንቲም ሳልከፍል ነው የምወጣው» ይላል፤ ግን ጉልበቱን ኦፕሬሽን ለመደረግ ወረፋ ከያዘ ቆይቷል። እሷ ቶሎ ታክማ ድናለች፤ ኢንሹራንስ እያላት ግን የሂሳብ ወረቀት በላይ በላዩ እየመጣባት ነው። በስልክ በተገናኙ ቁጥር «የመንግሥት ይሻላል»፣ «የግል ይሻላል» እያሉ ይከራከራሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሆስፒታል ሂሳብ ክፍል ስሠራ ግን መስኮቱ ጋ የሚቆመውን ታካሚ የሚያስጨንቀው ሆስፒታሉ የማን እንደሆነ አልነበረም፤ ገንዘቡን በዚያች ሰዓት ከየት እንደሚያመጣ እንጂ። ስለዚህ መቼና እንዴት እንደሚከፈል እንይ።

የወንድምዎ ሕክምና አስቀድሞ ተከፍሎበታል። የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1948 ሲቋቋም ሰው ጤነኛ ሳለ በግብር እንዲያዋጣ፣ ሲታመም እንዳይጠየቅ ታስቦ ነው። በ1951 ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ክፍያ ሲመጣ መሥራቹ አንዩሪን ቤቫን ሚኒስትርነታቸውን ለቀው ወጡ፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ችግሩ ጊዜው ነው። በኢንግላንድ ሕክምና በ18 ሳምንት ውስጥ መጀመር አለበት ቢባልም፣ በ2023 ወረፋው ከ7 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰው በዚህ መሐል ከሥራ ከቀረ እሱም ወጪ ነው፤ ደረሰኝ ስለሌለው ማንም አይደምረውም።

በእህትዎ ጉዳይ ረዘም ልበል፤ ሰው የሚጎዳው ሳያውቅ ነውና። በየወሩ ለኢንሹራንስ የምትከፍለው መግቢያው ብቻ ነው። ውሏ «የመጀመሪያውን 2,000 ዶላር አንቺ፣ ከዚያ በላይ ካለው 20 በመቶውን አንቺ» የሚል ነው እንበል። ሂሳቡ 12,000 ዶላር ቢመጣ 2,000ውን ትከፍላለች፤ ከቀሪው 10,000 ላይ ደግሞ ሌላ 2,000። ኢንሹራንስ እያላት 4,000 ዶላር ከኪሷ ወጣ ማለት ነው። ወረቀቱ የሚበዛው ሆስፒታሉ፣ ኦፕሬሽን ያደረገው ሐኪም፣ ማደንዘዣ የሰጠው ባለሙያና ላቦራቶሪው ለየብቻ ስለሚያስከፍሉ ነው። ኢንሹራንሷ የሚቀበለው ሆስፒታል ገብታ፣ ኢንሹራንሷን የማይቀበል ማደንዘዣ ሰጪ ቢገጥማት ድንገተኛ ሂሳብ እንዳይልክባት በ2022 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ይከለክላል። በመኪና የሚያመላልስ አምቡላንስ ግን በዚህ ሕግ አልተካተተም።

ይህን ሁሉ ወረቀት የሚጽፈው፣ የሚያጣራውና የሚከራከርበት ሠራተኛም ደመወዝ ይበላል። አሜሪካ ከአገር ውስጥ ምርቷ 17 በመቶ ገደማውን ለጤና ስታወጣ ብሪታንያ 11 በመቶ ገደማ ታወጣለች፤ በአማካይ ረዥም ዕድሜ የሚኖሩት ግን ብሪታንያውያን ናቸው።

«የግል» ስለተባለ ብቻ ውድ ነው እንዳይሉ ደግሞ ጃፓንን ይዩልኝ። አብዛኞቹ ሆስፒታሎቿ የግል ናቸው። ነገር ግን ከ1961 ጀምሮ የጤና መድን ለሁሉም ሆኗል፤ ዋጋውን መንግሥት በአንድ ዝርዝር ይተምናል፤ አብዛኛው ታካሚ 30 በመቶውን ይከፍላል፤ ወርኃዊ ክፍያውም ጣሪያ አለው። ምረጪ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ወንድምዎ የቤተሰብ ሐኪሙን «ወረፋው አጭር የሆነበት ሆስፒታል ይላኩኝ» ብሎ ይጠይቅ። በኢንግላንድ ታካሚ የመምረጥ መብት አለው፤ ከጤና አገልግሎቱ ጋር ውል ያለው የግል ሆስፒታልም ቢሆን ሂሳቡ በመንግሥት ይሸፈናል።

እህትዎ ደግሞ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አይታ አትክፈል። እያንዳንዱ አገልግሎት ከነኮዱ የተዘረዘረበትን ሂሳብ ትጠይቅና ኢንሹራንሱ ከላከላት ማብራሪያ ጋር መስመር በመስመር ታመሳክር። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ምርመራ በዚህ መንገድ ሲገኝ በዓይኔ አይቻለሁ። የታከመችበት ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ከሆነ አቅም ለሌላቸው ታካሚዎች የእርዳታ መመሪያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል፤ ማመልከቻውን አሁኑኑ ታስገባ፣ ዕዳው ለሰብሳቢ ድርጅት ሳይተላለፍ።