ታካሚን ዛፍ ስር መላክ ሥራ ይሆናል ወይ ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ ሜሴጅሽን ሁለቴ አነበብኩት። ፒያሳ አካባቢ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነሽ፣ የግፊትና የስኳር ክትትል ላይ ሁለት ዓመት ሠርተሻል፣ ከዛ ዩቱብ ላይ እንግሊዝ አገር ለታካሚ ከኪኒን ሌላ «ጫካ ውስጥ ተንሸራሸር፣ አትክልት ኮትኩት» ተብሎ ሲታዘዝ አየሽና በቃ የኔ ነገር ይሄ ነው አልሽ። ነርሲንጉን ትቼ ኦንላይን የፎረስት ቴራፒ፣ ማለት ሰውን ጫካ እየወሰዱ የመርዳት ሰርተፍኬት ልውሰድ ወይ ነው ጥያቄሽ፣ እማማ ደግሞ አብደሻል ወይ ብለውሻል።

እማማ ግማሽ እውነት አላቸው። 4 ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳዎቹ ስር ከሥራ ፈላጊ ጋር ስንት ዓመት ቆሜያለሁ፣ በዚህ ስም የወጣ ክፍት ቦታ አንድም ቀን አላየሁም። ግን ቪዲዮው ያላሳየሽ ነገርም አለ። እንግሊዝ ላይ ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ መላክ ብቻ ነው ሥራው፣ ከዛ ሊንክ ወርከር የሚባል ሰው ታካሚውን ቁጭ አርጎ ምን ትወዳለህ፣ ማን አለህ፣ ትራንስፖርቱን ትችለዋለህ ወይ እያለ ያወራዋል፣ የሚስማማው ቡድን ጋር ያገናኘዋል፣ ቀረ ሲባል ይደውልለታል። የጤና አገልግሎታቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው እቅድ እንደዚህ ያሉ ከ1,000 በላይ ሰዎችን አሰማራለሁ ብሎ ነበር። ካናዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባል ክፍለ ሀገር የተጀመረ ፕሮግራም አለ፣ የሚያዙት ላይሰንስ ያላቸው የጤና ባለሙያዎች ናቸው፣ ነርስም ጭምር፣ ትዕዛዙም በሳምንት 2 ሰዓት፣ በአንዴ ቢያንስ 20 ደቂቃ ውጪ አሳልፍ የሚል ነው። ገባሽ አይደል? ልትጥይው ያሰብሽው ላይሰንስ ነው እዛ በር የሚከፍተው።

ስለዚ ነርሲንጉን አትተዪ፣ ሰርተፍኬቱንም አሁን አትግዢ። አንድ ልጅ ተመሳሳይ ነገር በዶላር ከፍሎ ሲቪው ላይ ደረደረው፣ ኢንተርቪው ላይ «ይሄ ምንድነው ሠርተህበታል?» ሲሉት ዝም። ግፋበት ያልኩት እኔው ነበርኩ፣ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ደግሞ እኛ ጋ ሀሳቡ አዲስ አይደለም እኮ፣ ይቺ ከተማ ራሷ በ1879 እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደውት የተቆረቆረች ናት፣ እንጦጦ ጸበል ለስንት ሳምንት የሚከርመውንም ሰው ታውቂዋለሽ። እኛ ጋ የጎደለው ክትትሉ ነው። አጎቴን ሐኪሙ «እንቅስቃሴ አርግ» ብሎ ሸኘው፣ በሦስት ወሩ ተመልሶ «አረክ?» «አዎ ዶክተር»፣ አለቀ፣ ያረገው እንቅስቃሴ ከቤት እስከ ሱቅ ነው። በኋላ አንዲት ነርስ የት ሰፈር ነው ጋሼ፣ ማለዳ ማን ጋር ነው የሚያወሩት ብላ ጠይቃው የቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችለት፦ ማክሰኞና አርብ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሥላሴ ግቢ ዛፎቹ ስር፣ 20 ደቂቃ፣ ከጎረቤት ጋር፣ ኪኒኑ እንዳለ ይቀጥላል። ከዛ በኋላ ጎረቤቱን በማለዳ በር እያንኳኳ ሲቀሰቅስ ካርዱን አውጥቶ «ታዞልኛል» ይል ነበር። ያቺ ነርስ የሠራችው ነው አንቺ የምትፈልጊው ሥራ።

አንቺም እዛው ክሊኒክሽ ጀምሪው። ሐላፊሽን አስፈቅጂ፣ አስር ፈቃደኛ ታካሚ ምረጪ፣ ሦስት ወር፣ አንድ ደብተር በቃ። ሄደ ወይስ አልሄደም፣ ካልሄደ ለምን፣ ግፊቱ ስንት ነበር። ትልቁን ወርቅ የምታገኚው «ለምን አልሄደም» የሚለው ጋ ነው፣ እመኚኝ። አንዷ ልጅ የሚይዝላት የለም፣ አንዱ የፓርክ መግቢያ ከብዶታል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ሁሉንም ቤት ይከታል። ቦታውን እንደ ሰዉ ምረጪ፣ እንጦጦ ፓርክ የሚያምር ነው ግን ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፣ የልብ ታካሚን ከሽሮ ሜዳ ዳገቱን በእግር ውጣ ብትዪው ሌላ መዘዝ ነው። ሥላሴ ግቢም ለአጎቴ ተመቸ እንጂ ለሙስሊም ታካሚሽ አይሆንም፣ ለሱ ወንዝ ዳር የተሠሩት የእግር መንገዶች ወይ ሰፈሩ ያለ አረንጓዴ ቦታ ይሻለዋል፣ ራሱን ጠይቂው።

ሐላፊሽ «ማስረጃሽስ?» ማለቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20,000 ሰው ያየ ጥናት አለ፣ በሳምንት 120 ደቂቃና ከዛ በላይ ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉት ጤናችን ጥሩ ነው የማለት እድላቸው ከማይወጡት ከፍ ያለ ነበር። ይሄን ስትነግሪው ግን ድክመቱንም አብረሽ ንገሪው፣ ጤነኛ የሆነው ሰው ስለሚችል ይሆናላ ብዙ የሚወጣው። ቀድመሽ አንቺ ካልሽው ያከብርሻል፣ ግፊት ያድናል ብለሽ ከጀመርሽ ግን በሁለት ደቂቃ ነው የሚሸኝሽ።

ሦስት ወሩ ሲያልቅ ያቺ ደብተር ከየትኛውም ሰርተፍኬት ይበልጥ ሲቪሽ ላይ ትናገራለች። ማስተርስ ካማረሽ ያኔ ፐብሊክ ኸልዝ ወይ የአእምሮ ጤና አስቢ። ሥራ ስትፈልጊ «የተፈጥሮ ሕክምና» እያልሽ ሰርች አታርጊ፣ ጅንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ነው የሚያመጣልሽ፣ «ኤንሲዲ» (እንደ ግፊትና ስኳር ያሉ የማይተላለፉ በሽታዎች)፣ «ኮሚኒቲ ኸልዝ» (የማኅበረሰብ ጤና)፣ «ኤምኤችፒኤስኤስ» (የአእምሮ ጤናና የሥነ ልቦና ድጋፍ) በይ፣ ኤንጂኦዎቹ በነዚህ ስሞች ነው የሚያወጡት፣ ውስጡ ገብተሽ ስታነቢው ግማሹ ቆጠራና ሪፖርት ቢሆንም ግማሹ አንቺ የምትወጂው ሰው ማዋራት ነው።

የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ የታካሚ ስም ሸፍነሽ የደብተሩን አንድ ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ሲቪውን ከሱ ተነስተን እንጽፈዋለን። ለእማማም ሥራ አለቀቅኩም በያቸው።